የቬሊካ ሆቻ ምሽት፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ማኅበራችን ስለ ቬሊካ ሆቻ መንደር ለሚያዘጋጀው ምሽት ፕሮፖዛሉ እሁድ መግባት አለበት። መግቢያው ይኸው፦ "እንደኛው ኦርቶዶክስ የሆነችው ቬሊካ ሆቻ በኮሶቮ ኦራሆቫች ከተማ አጠገብ ያለች የሰርቦች መንደር ናት። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሰርቦች ገዥ የነበረው ስቴፋን ኔማንያ በግሪክ አቶስ ተራራ ላለው ለሰርቦች ሂላንዳር ገዳም በጉልትነት ሰጣት። ትንሽ ብትሆንም 13 ቤተ ክርስቲያን አላት።" ቁረጡም ጨምሩም።

ዲያቆኑ፦ እህቴ "እንደኛው" የምትለዋን አውጫት፣ ኬልቄዶን ጉባኤ ላይ ተለያይተናል እኮ፣ ስብሰባው ላይ ከእኔ ሌላም የሚያነሳው አይጠፋም። ይልቅ ፋሲካችን ከነሱ ጋር አንድ ቀን ይውላል በይ፣ እዚህ ቪየና ያለ ሰው ከሰርብ ጎረቤቱ ጋር ስላየው ቶሎ ይገባዋል።

የወይን ሰው፦ እኔ በ13 ቤተ ክርስቲያን መጀመሩን አልወደድኩትም፣ ሙዚየም አስመሰላት። ሰዎቹ ወይን ገበሬ ናቸው፣ ነገሥታቱም ቢሆኑ ለገዳም ሲሰጧት ወይኗን አስበው ነው። በ1335 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ተሠርቶ ያለቀው፣ እዛው ኮሶቮ ያለው የሰርቦች የዴቻኒ ገዳም እስከ ዛሬ የወይን ጎተራው እዛው መንደር ነው፣ በትላልቅ የእንጨት በርሜል ይጥሉታል፣ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቆዳም አይደፋም ራኪያ ይወጣበታል፣ በእኛ አረቄ በሉት። ከዚህ ጀምሪና ቤተ ክርስቲያኖቹ ይከተሉ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ አሳመንከኝ። የ1905ቱስ ታሪክ ይግባ? ላዛር ኩዩንጂች የሚባለው መምህር፣ በኦቶማን ጊዜ ሸፍቶ ከጓደኞቹ ጋር እዚሁ መንደር ተከቦ የተገደለው። አስከሬኑን እናቱ ፊት አምጥተው "ታውቂዋለሽ?" ሲሏት፣ ቤተሰቡና መንደሩ እንዳይነካ ብላ እንባ ሳታወጣ "አላውቀውም" አለች ይባላል።

ሒሳብ ያዥ፦ ይግባ እንጂ! ይሄን ሰምቶ የሚረሳ አለ? ግን "ይባላል"ን እንዳትሰርዢ፣ አሟሟቱ ታሪክ ነው የእናትየዋ ግን ሲነገር የመጣ ነው።

አባል፦ አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ከ1999ኙ የኮሶቮ ጦርነት በኋላ መንደሯ ተከባ በኔቶ የሚመራው የሰላም ጦር፣ በኬፎር ወታደር እየተጠበቀች ስትኖር፣ ብዙ ሰርቦችም ከአካባቢው ሲሰደዱ የሚያሳዝን ነው፣ ግን እዛው ወረዳ ክሩሻ ውስጥ በዚያው ዓመት መጋቢት ከመቶ በላይ አልባኒያውያን ወንዶች ተገድለዋል። አንዱን ነግረን ሌላውን ከዘለልን አልባኒያዊ እንግዳ ቢመጣ በምን ዓይናችን እናየዋለን?

ዲያቆኑ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ሁለቱም አንድ አንቀጽ ውስጥ ይግቡ፣ ማን ባሰ ወደሚል ክርክር ግን አንግባ።

አባል፦ ካርታው ላይም ስሟ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፣ በአልባኒያኛ ሆቻ ኤ ማዴ ነች፣ ሁለቱም ትልቋ ሆቻ ማለት ነው፣ ትንሿም እዛው አጠገቧ አለች። የኮሶቮ ፓርላማ በ2012 ስለዚችው መንደር ለብቻ ያወጣው ሕግ ራሱ በሁለቱም ስም ነው የሚጠራት።

ጸሐፊዋ፦ ተስማማን። ወይኑ፣ እናትየዋ፣ 1999፣ ሕጉ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል አርሜ ማታ እለጥፈዋለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ባጀቱ ላይ "ለቅምሻ 12 ጠርሙስ" ያልሽው ግን በማኅበሩ ብር አይሆንም፣ ስድስት ይበቃል፣ የቀረውን የወይን ሰው ያምጣ።

የወይን ሰው፦ ወይ ጉድ! ሁለት አመጣለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።