የአንገት ሕመም በእጅ ሕክምና፦ ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ጥያቄ (ሰፊዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሬ ስለምውል ከግራ ትከሻዬ ተነሥቶ ማጅራቴን የሚይዝ ሕመም ከጀመረኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ዞር ብዬ ለማየት ሰውነቴን ጭምር ማዞር ግድ ሆኖብኛል። የታዘዘልኝ ማስታገሻ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ በራጅም «የአንገት አጥንት መጠነኛ መበላት» ታይቷል ተብያለሁ። ጎረቤቶቼ አንገትን በአንድ ጊዜ አዙሮ ቋ በማድረግ የሚያድን ወጌሻ አለ ይሉኛል፤ ሐኪሙ ግን ፊዚዮቴራፒ ጽፎልኛል። ሁለቱም በእጅ የሚሠሩ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)፦
እህቴ፣ ከራጁ ልጀምር። እንዲህ ያለው ለውጥ ዕድሜ ሲገፋ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም በብዛት ስለሚታይ፣ የሕመምዎ ምክንያት እርሱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

እኛ በእጅ የምንሰጠው ሕክምና በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ታካሚውን አስተኝቶ የትኛው መጋጠሚያ እንደተያዘ በአውራ ጣት እየዳሰሱ፣ ያንኑ ቦታ በዝግታ ደጋግሞ መግፋትና ማንቀሳቀስ ነው፤ ካመመዎት «በቃ» ብለው ማስቆም ይችላሉ። ሁለተኛው አጭርና ፈጣን ግፊት ሲሆን፣ ቋ የሚለው ድምፅ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ድምፁ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ጋር የተያያዘ እንጂ የወለቀ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ አይደለም። በጥናቶች ሲነጻጸሩ የሁለቱ ጥቅም ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ ለአንጎል ደም ከሚያደርሱት ዋና ዋና የደም ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች የጎን ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ድንገተኛ ጥምዘዛ፣ እምብዛም ባያጋጥምም፣ የሥሩን ግድግዳ ሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ጥቅማቸው ከተቀራረበ እኔ ዝግታውን እመርጣለሁ።

እጅ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ፣ 272 የአንገት ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት እንዳሳየው፣ በእጅ የታከሙት መድኃኒት ከወሰዱት የተሻለ ቢያገግሙም፣ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ የተማሩት ሰዎች ውጤትም ከእነርሱ ብዙም አልተለየም። የእጅ ሕክምና ትልቁ ጥቅሙ ሕመሙን ለጊዜው አለዝቦ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ማስቻሉ ነው።

መልስ (የወጌሻ ልጅ)፦
አባቴ በአካባቢያችን የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ ስለዚህ በሙያው ላይ የሚሰነዘረው የጅምላ ነቀፋ ቅር ያሰኘኛል። ወለምታና ውልቃት ለያዘው ሰው እጃቸው የተባረከ ነበር። ለአንገት ብሎ የመጣን ግን ትከሻውንና የጀርባውን ላይኛ ክፍል በቅቤ ከማሸት አያልፉም፤ እጁ ከደነዘዘም ሐኪም ቤት ሂድ ብለው ይመልሱት ነበር። አንገት ጠምዝዞ ቋ ማድረግን እንደ ጥበብ የሚያወራ ሰው ሲሰሙ ይቆጡ ነበር።

መልስ (ጠቅላላ ሐኪም)፦
ማንም እጁን ከማሳረፉ በፊት መጣራት ያለባቸው ምልክቶች አሉ። ሌሊት የሚብስ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት፤ እንዲህ የተዳከመን አጥንት መግፋት ደግሞ ለሽባነት ሊዳርግ ይችላል። እርስዎ ሰፊ ስለሆኑ አንዱን ምልክት ከሌላው ሰው ቀድመው ያውቁታል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ወይም ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረዎት፣ ወይም ሲራመዱ እግርዎ ከተወላገደ፣ ኅብለ ሰረሰር ተጨቁኖ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱም የለብኝም። ቀጠሮዬ እስኪደርስ በቤቴ ልጀምረው የምችለው ነገር ይኖራል?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)፦
አለ። በጀርባዎ ተኝተው፣ ጭንቅላትዎን ሳያነሡ አገጭዎን በቀስታ ወደ ጉሮሮዎ ይሳቡ፤ 10 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ ይህንን 10 ጊዜ ይደጋግሙት። ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ያቁሙ። ወንበርዎንም ወደ መኪናው ያስጠጉት፤ መኪናው ዝቅ ካለብዎት ከጠረጴዛው እግር ሥር ጣውላ ያስገቡበት።