የኋላ ፍሬን ፒስተን አልገባ አለኝ (ቶዮታ ኤም አር 2)

የሐረጎው (ደሴ)
ሰላም ወገኖች። አጎቴ ትቶልኝ ያለፈ የ1986 እ.ኤ.አ. ኤም አር 2 አለችኝ። ወንበሯ ሁለት ነው፤ ሞተሯ ከጀርባችን ነው። አራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን ነው። ሰሞኑን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ጎማውን ፈትቼ ሳይ የቀኙ ሸራ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) ሙልጭ ብሎ አልቋል።

አዲስ ሸራ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። አሮጌውን ማውጣት አላስቸገረኝም። አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ግን ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ካልተመለሰ ካሊፐሩ (ፒስተኑንና ሸራውን የያዘው አቃፊ) አይገጥምም። የፊቱን አምና በሞርሳ ተጭኜ ነው ያስገባሁት። ይሄኛው ንቅንቅ አላለም። አንድ መካኒክ መጥቶ አየና «ነክሷል፣ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ካሊፐሩን በሙሉ ቀይር» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ይለኛል። እጄ እሺ አላለኝም። ቅዳሜ እናቴን ኮምቦልቻ ለቅሶ ማድረስ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍተኸዋል? የእኔ ኮሮላ የኋላዋ ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ፍሬን ስለሆነ ይሄን አላውቀውም። መዶሻውን ግን ተወው፣ በናትህ።

የሐረጎው
ከፍቼዋለሁ። ያው ነው።

የድሮ መካኒክ (ሐይቅ)
አብሽር ልጄ። ካሊፐርህ አልነከሰም። ይሄ ፒስተን አይገፋም፣ ይዞራል።

የመኪናህ የእጅ ፍሬን የሚሠራው እዚያው ካሊፐር ውስጥ ነው። ከፒስተኑ ጀርባ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ያ ጥርስ ፒስተኑን ወደ ፊት እያስቀደመ ይይዘዋል። በጉልበት ከገፋኸው የምትሰብረው እሱን ነው። ያን ጊዜ እውነትም ካሊፐር ትገዛለህ።

የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። የፒስተኑ ፊት ላይ ቦይ ታገኛለህ። በሹል ፒንሳ ቦዩን ያዝና እየተጫንክ ወደ ቀኝ አዙር። ቀስ ብሎ ይገባል። ዙሪያው ያለው ጉሚኒ አብሮ እንዳይጠመዘዝ ዓይንህን አትንቀል፤ ከተቀደደ ውሃና አቧራ ይገባበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው። የውስጠኛው ሸራ ጀርባ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ቦዩ ውስጥ ልክ መቀመጥ አለባት። ካልገባች ሸራው ይዛነፋል፣ ባንድ ጎኑ ብቻ ይበላል።

ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው። ቀኙን ሳትጨርስ ግራውን አትፍታ፤ አገጣጠሙ ሲጠፋብህ ግራውን እያየህ ትገጥማለህ። ግራው ባያልቅም ሁለቱንም ቀይር። ዲስኩን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥልቅ ጭረት ካለው ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ ከሳሳ ደግሞ ቀይረው።

ስትጨርስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ይሄን እለምንሃለሁ። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። አንድ ደንበኛዬ ይሄን ረስቶ ከግቢው ሳይወጣ አጥር ላይ ሄዷል። የእጅ ፍሬኑንም ደጋግመህ ሳብ፣ ራሱን ያስተካክላል።

ዘይቱስ ስንት ዓመቱ ነው? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ውሃው ይፈላና ፔዳሉ ሥጋ ላይ እንደቆምክ ይለሰልሳል። ሐረጎ ላይ ይሄ እንዲደርስብህ አልፈልግም።

የሐረጎው
ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ! ማታ በስልክ መብራት አዞርኩት። ሰባት ስምንት ዙር ሄዶ ገባ። ጉብታዋንም አገኘኋት፤ እርስዎ ባይነግሩኝ ገልብጬ ነበር የምገጥመው። ዘይቱ ግን ቡና መስሏል።

የድሮ መካኒክ (ሐይቅ)
በል ሙሉውን አስቀይረው። አዲሱ ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሜዳ ላይ ቀስ እያልክ ያዝ ለቀቅ አድርገው፣ ድንገተኛ ፍሬን ሳትይዝ። ከዚያ ወዲያ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ብቻ አታሠራው።

የሐረጎው
እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር በሚኒባስ እንወርዳለን። መኪናዋ እስከ ሳምንት ትቆይ።