ተፎካካሪ የሌለው ድርጅት ለምን ያስተዋውቃል?

ጠያቂ (ከፒያሳ)፦
ዛሬ ጠዋት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ በታክሲው ሬዲዮ የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ድርጅቱ የሚሰጠውን አገልግሎት በአገራችን ሌላ የሚሰጥ የለም፤ ብንከፋበት እንኳ መሄጃ የለንም። ታዲያ ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚያፈሰው ማንን ፈርቶ ነው?

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
ተፎካካሪ ስንል ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ብቻ ማለታችን ከሆነ ጥያቄዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ ብቻውን ቢሆንም የገዢው የቆየ ልማድ ይፎካከረዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢትዮ ቴሌኮም የአገሪቱ ብቸኛ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ነበር፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በኪሱና በመቀነቱ ከለመደው ጥሬ ገንዘብ ጋር መታገል ነበረበት። ዲ ቢርስም የዓለምን የአልማዝ ንግድ አብዛኛውን ክፍል በተቆጣጠረበት ዘመን፣ በ1947 እ.ኤ.አ. «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን መፈክር ያወጣው ከሌላ አልማዝ ሻጭ ደንበኛ ለመንጠቅ ሳይሆን፣ ያለ አልማዝ ቀለበት መተጫጨት ጎዶሎ መስሎ እንዲታይ ለማድረግ ነው። (እኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ ማስጠየቅ ይበቃ ነበር።)

መልስ (ከካዛንቺስ)፦
የፖለቲካው ገጽታ እንዳይዘነጋ። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አንድ ፖሊሲ፣ አንድ ሥርዓት፣ ሁሉን አቀፍ አገልግሎት» እያለ ሲያስተዋውቅ ብዙ ትናንሽ የስልክ ኩባንያዎች ገና አልጠፉም ነበር፤ ዓላማው ስልክ ከመሸጥ ይልቅ የስልክ ሥራ በአንድ እጅ መሆኑ ለሕዝብ እንደሚበጅ ማሳመን ነበር። ብቸኛነት በሕግና በፈቃድ የሚቆም ስለሆነ የሕዝብ ቅሬታ ሲበዛ መንግሥት በሩን ለሌላ ሊከፍት ይችላል። ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቷል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ይሁንና ወጪው በመጨረሻ የሚሸፈነው መሄጃ ከሌለው ደንበኛ ኪስ አይደለምን?

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
ነው እንጂ። ስለዚህም ሁለቱን እለያቸዋለሁ፦ ክፍያ በስልክ መፈጸም እንደሚቻል የሚያስረዳው ማስታወቂያ ወረፋ ስለሚቀንስ ወጪውን ሊመልስ ይችላል፤ የድርጅቱን ምሥረታ በዓል በዜማ የሚያወድሰው ግን ለደንበኛው የሚመልስለት ነገር አይታየኝም።

ጠያቂ፦
የዛሬ ጠዋቱ በዜማ ነበር።