የአርክቱረስ ብረት «−0.5» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

የፊዚክስ ተማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በከዋክብት ውስጥ ስላሉ ንጥረ ነገሮች ነው። አርክቱረስ ለተባለው ኮከብ ሰንጠረዡ ብረት በሃይድሮጅን (ማለትም ብረቱ ከሃይድሮጅኑ ጋር ሲነጻጸር) −0.5 ገደማ፣ ማግኒዝየም በብረት ደግሞ +0.4 ገደማ ይላል። ንጥረ ነገር እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? ማግኒዝየሙስ ከፀሐይ በለጠ ማለት ነው? እባካችሁ እርዱኝ፤ ሐሙስ አማካሪዬ ትጠብቀኛለች።

መምህሩ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ስህተት የለውም። ቁጥሩ ሎጋሪዝም ነው። መነሻው ፀሐይ ናት፤ የእሷ ዜሮ ነው። −1 ካለ ብረቱ የፀሐይ አንድ አሥረኛ፣ −2 ካለ አንድ መቶኛ ነው። −0.5 ሲሶ ገደማ ይሆናል።

ሰማይ ወዳድ፦ ማግኒዝየሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። +0.4 የተባለው ከብረቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሁለቱን ደምሪያቸው፦ −0.5 + 0.4 = −0.1። የፀሐይ 80 በመቶ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ አርክቱረስ በማግኒዝየምም ከፀሐይ ያንሳል። ብረቱ ይበልጥ ስላነሰ ነው ማግኒዝየሙ ጎልቶ የታየው።

የፊዚክስ ተማሪዋ፦ አሁን ገባኝ! ግን ለምን እኩል አላነሱም?

ሰማይ ወዳድ፦ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ማግኒዝየም በአብዛኛው የሚመጣው ከግዙፍ ከዋክብት ነው። እነሱ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ወይም በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ይፈነዳሉ። ብረትም ይሰጣሉ፣ ግን ትልቁ የብረት ድርሻ የሚገኘው ነጭ ድንክ፣ ማለትም ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ቅሪት፣ ሲፈነዳ ነው። ያ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ መቶ ሚሊዮኖች፣ ቢሊዮንም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አርክቱረስ የተወለደው ጋዙ ያንን የዘገየ ብረት ሳይጠግብ ነው። ይህን መዘግየት እ.ኤ.አ. በ1979 አጥርታ ያስረዳችው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቢያትሪስ ቲንስሊ ናት። በ40 ዓመቷ ማረፏ እስካሁን ያሳዝነኛል።

የቆየ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሰንጠረዥ የምታቀላቅዪ ከሆነ፣ የፀሐይን ብረት ስንት ብለው እንደያዙ መጀመሪያ እዪ። በሎጋሪዝም መለኪያው ሃይድሮጅን 12 ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የአንደርስና የግሬቨስ የፀሐይ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ብረት 7.67 ነው። በ2009ኙ የአስፕሉንድና ባልደረቦቹ ዝርዝር 7.50። ያ 0.17 ሳይስተካከል ከቀረ በከዋክብቱ መካከል የሌለ ልዩነት ታያለሽ። እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት አጥፍቻለሁ።

የፊዚክስ ተማሪዋ፦ ወይኔ፣ ሁለተኛው ሰንጠረዤ 7.67 ነው የሚለው! 0.17 ልደምርበት?

የቆየ አባል፦ አዎ፣ ብረት በሃይድሮጅን ላይ ደምሪ። ማግኒዝየም በብረት ላይ ግን ቀንሺ። የማግኒዝየሙም መነሻ ከ7.58 ወደ 7.60 ስለተቀየረ፣ የምትቀንሺው 0.19 ነው።