ሮማውያን ልብስ በሽንት ያጥቡ ነበር?

ጥያቄ፦ ሮማውያን ነጩን ቶጋ (ሰውነታቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ሰፊ የክብር ልብስ) በሽንት ያጥቡ ነበር ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው ወይስ የምር?

መልስ፦ የምር ነው። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይፈጥራል፤ እሱ ደግሞ ቅባት ያስለቅቃል። በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔ ውስጥ የአጣቢዎች ቤት ከነገንዳው ተገኝቷል። ሠራተኛው ገንዳው ውስጥ ይቆማል፣ ግራና ቀኙን ይደገፋል፣ ልብሱን በእግሩ ይረግጣል። ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ከዚያ በውሃ ደጋግመው ያለቀልቁታል፤ ቶጋውን የሚለብሰው ሴናተርማ ምን አለበት! እኔን የሚያሳዝነኝ የረጋጩ እግር ነው።

ጠያቂ፦ ኧረ ጉድ!

ሌላ መልስ፦ ግብሩንስ? ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን (69–79 እ.ኤ.አ.) ሽንት ላይ ግብር ጣለ። ልጁ ቲቶ ቅር ሲለው፣ ከግብሩ የመጣ ሳንቲም አፍንጫው ሥር አስጠግቶ "ይሸትሃል?" አለው ይባላል። "አይ" ሲለው፣ "ከሽንት የመጣ ነው እኮ!"