ጥቆማ፦ ለሱቃችሁ የጥያቄና መልስ ቪዲዮ፣ ቲክቶክ ይሻላል፣ ዩቲዩብ ወይስ ቴሌግራም?

እህቴ ገርጂ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አላት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ኮረሪማ፣ የመሳሰለው። የደንበኞቿን ጥያቄ በቪዲዮ መመለስ ከጀመረች ዓመት አለፋት። ቀራጩ እኔ ነኝ፤ ክፍያዬም ሽሮ ነው። «የቱ ይሻላል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አዲስ ሰው ለማግኘት ቲክቶክን የሚያክል አላየሁም። አስተያየት ላይ የተጻፈውን ጥያቄ ነካ አድርጋችሁ በቪዲዮ መመለስ ትችላላችሁ። ጥያቄው እንዳለ፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ ቪዲዮው ላይ ተለጥፎ ይታያል። ራሳችሁ ጥያቄ ፈጥራችሁ «ብዙዎቻችሁ በጠየቃችሁኝ መሠረት» ማለት ቀረ። ሲዋሽ ደግሞ ያስታውቃል።

አንድ ቀን አንዱ «በርበሬው ሸክላ እንዳልተቀላቀለበት በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጻፈ። እህቴ ደሟ ፈላ። ልታጠፋው ስትል «ተይ፣ መልሺለት» አልኳት። ብርጭቆ ውሃ አመጣች። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከላይ ነሰነሰችና ዝም ብላ ጠበቀች። አብዛኛው ተንሳፈፈ፤ የቀረው ቀስ እያለ ወረደ። ቀጥላ የተሰበረ የጀበና ስባሪ ወቅጣ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረች። እሱ ወዲያው ታች ዘቀጠ። ውሃውን ደፍታ፣ የቀረውን በጣቷ አሸት አድርጋ ለካሜራው አሳየች። ይሻክራል። «ይሄ ላብራቶሪ አይደለም፤ ግን ቤታችሁ ሞክሩት። ከእኔ የገዛችሁትንም ጭምር» አለች። በቃ፣ ቪዲዮው ይኸው ነው። አሁንም ሱቁን አፈላልጎ የሚመጣ ሰው «የብርጭቆዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» ይላታል።

ችግሩ፣ ቲክቶክ ላይ አጨብጫቢው ብዙ ነው፣ ገዢው ትንሽ። ጎንደር ያለ ሰው ቢወደው ገርጂ ድረስ መጥቶ ሽሮ አይገዛም። ሰንበት ሲል ደግሞ ያን ቪዲዮ መልሶ ማግኘት መከራ ነው።

ዩቲዩብ ተቃራኒው ነው። አጀማመሩ ያሰለቻል፤ ግን የዛሬ ስድስት ወር የጫናችሁትን ዛሬም ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ዋናው ርዕሱ ነው። ሰው ሲፈልግ በሚጽፈው ቃል ጻፉት። «ሽሮ ለምን ይጓጉላል?» በሉ፤ «የባልትና ጥበብ ክፍል 3» ብሎ የሚፈልግ የለም። (መልሱ፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። የሚፈላ ውሃ ላይ ባንዴ ከገለበጣችሁት መጓጎሉ አይቀርም።) አጫጭሮቹ፣ ሾርትስ የሚባሉት፣ ድሮ ከ60 ሰከንድ አያልፉም ነበር። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2024 ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ይፈቀዳል። ይፈቀዳል ማለት ግን ሙሉት ማለት አይደለም። የተመልካቹ ዳታ በገንዘብ የተገዛ ነው።

ቴሌግራም አዲስ ሰው አያመጣም። የመጣውን ግን ይይዛል። እህቴ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ተቀርጻ የምትላከውን ክቧን ቪዲዮ ትወዳታለች፤ እስከ አንድ ደቂቃ ስለምትቀርጽ ማስዋብ የለ፣ ኤዲት የለ። «አዲስ የተፈጨ ሽሮ ገብቷል?» ሲሏት እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከታ እያሳየች ትመልሳለች። ትዕዛዙ እዚያው ይመጣል። ከሦስቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ደንበኛ ላለው ሱቅ ቴሌግራም፣ ገና ለሚከፈት ቲክቶክ እላለሁ። ፌስቡክ ላይ ያንኑ ቪዲዮ ደግማችሁ ጫኑት፤ የተለየ ድካም አይፈልግም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጉግል ማፕ ነው። የሱቃችሁ ገጽ ላይ እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ መጫን ይቻላል። እኛ «ቦታው የት ነው?» ለሚለው ከታክሲ መውረጃው እስከ ሱቁ በር ያለውን መንገድ እየሄድን ቀረጽን። በእኛ ከተማ የቤት ቁጥር ይዞ ሱቅ የሚያገኝ ጀግና ስለሌለ፣ «እንዴት ልምጣ?» የሚለው ስልክ በጣም ቀነሰ።

ዕቃን በተመለከተ፣ ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ብር ካላችሁ መጀመሪያ ልብስ ላይ የምትቆነጠጠዋን ማይክ ግዙ። ክቡን መብራት ተዉት፤ በር አጠገብ ቁሙ። እኛ የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች ያለ ማይክ ቀርጸን የጎረቤት ወፍጮ ብቻ ነው የሚሰማው። ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማስተካከያ መተግበሪያ ላይ ጥያቄውን በትልቁ በአማርኛ ጻፉበት፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ነው።

ባለሙያ መቅጠር? አንድ ጊዜ ሞክረናል። ልጁ ድሮን ይዞ መጣ። ለበርበሬ! ከአንድ ወር በኋላ ሙዚቃው የሚያምር፣ ጥያቄም መልስም የሌለበት ቪዲዮ ላከልን። ሆቴል ወይም ሪል እስቴት ላላችሁ ያዋጣ ይሆናል። ለኪዮስክ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለስልክ ጠጋኝ ግን አልመክርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ነው?» ነው። እባካችሁ «ዋጋ በውስጥ መስመር» አትበሉ። እኔ ራሴ እንደዚያ ሲሉኝ ትቼ ነው የማልፈው። እህቴ መጀመሪያ «ተፎካካሪ ያየዋል» ብላ ፈርታ ነበር። ተፎካካሪዋ ማዶ ነው ያለው፤ ልጅ ልኮ ቢጠይቅ ያውቀዋል። አሁን ሰኞ ሰኞ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ የሳምንቱን ዋጋ ትናገራለች፣ የበርበሬው ከጨመረ ለምን እንደጨመረም ትነግራቸዋለች፣ ያለፈውን ሰኞ ቪዲዮ ታጠፋና አዲሱን ከላይ ትሰካዋለች።