የኩሬ ፓምፕ ነዘረኝ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢያችን ቆሮሶ ዓሣ በምናረባባት ትንሽ ኩሬ ውስጥ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ አለን። ከክረምቱ ወዲህ ደለልና አልጌ ወንፊቱን እየደፈነው ፓምፑ ያጓራል እንጂ ውሃ አይገፋም። ትናንት ወንፊቱን ላጸዳ፣ ሶኬቱን ሳልነቅል (ጥፋቱ የእኔ ነው) እጄን ስሰድ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ብሬከሩን አጥፍቼ ሳወጣው፣ ገመዱ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ቀዩ የመዳብ ሽቦ ይታያል።

የጠራሁት ባለሙያ በናስትሮ ጠቅልሎ ሊመልሰው ነበር፤ እኔ ግን ልጆች በኩሬው ዳር ስለሚጫወቱ፣ ውሃ ውስጥ ለሚውል ገመድ ናስትሮ አይታመንም ብዬ ከለከልኩት።

እንዲህ ያለውን ገመድ ውሃ በማያስገባ መንገድ መቀጠል ይቻላል ወይስ ፓምፑን መለወጥ ይሻላል? በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ መፍሰስ የሚያቋርጠው መከላከያ ብሬከርስ፣ የመሬት መስመር በሌለው አሮጌ ቤት ውስጥ በቂ ጥበቃ ይሰጣል? ዓሦቹ ዛሬ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ አየር ሲሹ ስላየሁ፣ ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ እያፈሰስኩ ነው፤ ስለዚህ መልሳችሁ ቢፈጥንልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።